ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች

ቤቱ ሲቃጠል ውስጡ ማንም አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ከደረስኩ በኋላ ነው። መንገድ ላይ እያለሁ፣ አሥራ አንዱን ማይል በሙሉ፣ ውስጡ ልጅ አለ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። የፖሊስ መኪናዬ ሬዲዮ «እሳት፣ ዘጠነኛው መንገድ፣ ትንሿ ነጭ ቤት» ባለ ቁጥር የሚታየኝ የልጅ ጫማ ነበር።

የሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ጭሱን አይቶ የደወለው የወተት መኪና ሹፌር ነው። እኔ ስደርስ ጣሪያው ወርዶ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ሰዎች ፍሙ ላይ ውሃ ያርከፈክፋሉ። አለቃቸው ኦርቪን ሊንድ በሌላው ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«ሮክሳን፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለኝ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨዋ እሳት አይቼ አላውቅም።»

«ጨዋ ስትል?»

«ላምባ ነው ያርከፈከፈው፤ ይሸታል። ግን እይ፣ የጋዙን ሲሊንደር ቀድሞ ዘግቶታል። እሳቱ ወደ ጫካው እንዳይሻገር ዙሪያውን ሣሩን በውሃ ጎማ አርጥቦታል። ይሄን ደግሞ እይልኝ።» ከቤቱ ሃያ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ፣ የወፎች መመገቢያ ሳጥን ተንጠልጥሏል። «ይሄ ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ነበር። ቧንቧውን ልጠግን መጥቼ በግንባሬ ገጭቼዋለሁ።»

«ቤት እያቃጠለ ለወፍ የሚያዝን?»

«እኔ የማውቀው ቧንቧ ነው። ሰው ያንቺ ሥራ ነው።»

መንገዱ ዳር የሰፈር ሴቶች ቡና በፔርሙዝ፣ ጣፋጭ በትሪ ይዘው ቆመዋል። እዚህ ሰው ቢሞት፣ ልጅ ቢወለድ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ትሪ ይመጣል። ሦስት ሰዓት ከሩብ ትንሽ አልፎ ነበር። ቁርስ ስላልበላሁ አንዱን አነሳሁ። ታቹ በለውዝ ቅቤ የተለወሰ የፈነዳ ሩዝ፣ ላዩ ቸኮሌት፤ ጠርዙ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስላል። በጭስ መሐል እንኳ ጣፈጠኝ።

*

ኦርቪን የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር። ያቺ ቤት የተከራየችው ለጌይለን ፕሩት ነው።

ፕሩት ከሃያ አራት ዓመት በፊት እዚሁ ቶርንቢ ከተማ ውስጥ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደፍሮ ተፈረደበት። እስራቱን ሲጨርስ ፍርድ ቤቱ «ገና አደገኛ ነው» አለና በሽቦ የታጠረ የሕክምና ማቆያ አስገባው። እዚያ ዓመታት ቆየ። አሁን በክትትል እንዲወጣ ተፈቅዶለት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እንዲህ ያለ ሰው ከማቆያ ሳይወጣ አስቀድሞ ለአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ለሸሪፉ፣ ይነገር ይላል ሕጉ። «ንገሩኝ» ብሎ በጽሑፍ ለጠየቀ ተበዳይም ደብዳቤ በፊርማ በሚወሰድ ሪኮማንዴ ይላካል። ለቀረው ሕዝብ የሚነገረው ዘግይቶ፣ በስብሰባ ነው። የእኛ ስብሰባ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ ቤቱ በተቃጠለ ቀን ማንም ማወቅ አልነበረበትም።

አለቃዬ ሸሪፍ ሎዌል ሃግበርግ ወረቀት አውጥቶ ስም መጻፍ ጀመረ።

«እኔ» አለ። «አንቺ። አከራዩ፣ እሱ ደግሞ ከገና ጀምሮ አሪዞና ነው። ደብዳቤው የደረሳቸው ተበዳዮች። አለቀ። ከእነዚህ ውጭ ያወቀ ካለ፣ ከሁለታችን አንዳችን አፋችንን ከፍተናል ማለት ነው።»

«ለሚስትህ ነግረሃታል?»

«ሚስቴ እኔ የምላትን መስማት ካቆመች አሥር ዓመቷ ነው። አንቺስ?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

ዋሸሁ። ማስታወቂያው ቢሮአችን በገባ ቀን ልጄን ብሪታን «ከዛሬ ጀምሮ በዘጠነኛው መንገድ አትሩጪ» ብያታለሁ። ብሪታ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ትሮጣለች። «ለምን?» አለች። «ውሻ አለ» አልኳት። ብሪታ ሞኝ አይደለችም። ከዚያ ወዲያ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ይህ ነው፦ ልጄ ለጓደኛዋ ነግራ፣ ጓደኛዋ ለወንድሟ ነግራ፣ ወንድምየው ላምባ ገዝቶ፣ ሁሉም ተይዘው፣ ካቴናውን የማስረው እኔው።

«ከሐሙሱ ስብሰባ በፊት ስም እፈልጋለሁ» አለ ሎዌል። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ 'አናውቅም' አልልም።»

*

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ዊልመር ስኮግ ነው። የተቃጠለው ቤት ጎረቤት ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ያቺን ቤት እሳት ቢበላት ማን ያለቅሳል?» ሲሉ ሰባት ሰው ሰምቷቸዋል። ከተማዋ ውስጥ ካለችው አንድ ቁርስ ቤት አገኘኋቸው።

«የኤልመር ልጅ!» አሉኝ ከሩቅ። «ልታስሪኝ ነው? ቆይ እንቁላሌን ልጨርስ።»

«ዊልመር፣ ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጥርስ ሐኪሟ ጋ። ግማሽ ምላሴ ደንዝዞ። ስሜን ስትጠይቀኝ 'ዊውመ' ነው ያልኳት።»

አስተናጋጇ ከባንኮኒው ኋላ «ምነው እንደደነዘዘ በቀረልን» አለች።

«ቤቱ ለማን እንደሆነ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? አጥሬ ጥግ ነው። የመንግሥት መኪና ሁለቴ መጥቶ እያንዳንዱ መስኮት ላይ ማንቂያ ደወል ሲገጥም አየሁ። ለጳጳስ ነው ብዬ ልገምት?»

«ከልጆች የሰሙት ነገር የለም?»

«ከየትኞቹ ልጆች?»

«ከማንም።»

ሹካቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። «ፈርተሻል አንቺ ልጅ» አሉ። «ሁላችንም ፈርተናል። እኔ ግን የፈራሁ ጊዜ አወራለሁ እንጂ ክብሪት አልጭርም።»

ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ አረጋገጥኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ወንበሯ ላይ ነበሩ። የገመቱትም ከመስኮቱ ደወል ነው እንጂ ከማንም አፍ አይደለም። ብሪታ ሳትከሰስ ነጻ ወጣች።

*

ደብዳቤውን የሚልከው መሥሪያ ቤት ዋና ከተማው ውስጥ ነው። ስልኩን ያነሳችው ፓንያ ቫንግ የምትባል ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ መልሷ ግን እንደ ብረት።

«በፕሩት ጉዳይ ማስታወቂያ የጠየቁ ሁለት ናቸው» አለችኝ። «የተበዳይዋ እናት፣ አርዲስ ኩንኬል፣ እዚያው ቶርንቢ። ልጅቷ ሕፃን እያለች እንደ አሳዳጊ የተመዘገቡ ናቸው። ሁለተኛዋ ራሷ ተበዳይዋ፣ ሊኔት ኩንኬል። ሁለቱም ፈርመው ተቀብለዋል።»

«የሊኔትን አድራሻ እፈልጋለሁ።»

«አይሰጥም።»

«ፖሊስ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። እናቷም በየዓመቱ እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ ለእሳቸውም አልሰጠሁም። ማክሰኞ የት እንደነበረች ግን ራሴ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»

ለሎዌል ስነግረው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ሊኔት!» አለ። «ደብዳቤው ደርሷታል። ምክንያት አላት። ከሷ በላይ ምክንያት ያለው ማን አለ?» እኔም ሳልወድ እንደሱ አሰብኩ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ እሷን ማሰር ሊመጣ ነው አልኩ በልቤ።

*

አርዲስ ኩንኬል ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። እኔንም አመላልሰውኛል። በረዶ ሲጥል እናቴ ደጅ እስክትወጣ ድረስ በሩን ከፍተው አያወርዱኝም ነበር።

«ግቢ ሮክሲ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይበርዳል።»

አወለቅኩ። ወጥ ቤት ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ሽቦው የተጠቀለለ የድሮ ስልክ አለ። ወንበሮቹ በሙሉ ጠረጴዛውን ከበዋል፤ አንዱ ብቻ ስልኩ ሥር ነው፤ መቀመጫው ከመቀመጥ ብዛት አልቋል።

«ስለ ፕሩት ለሰው ነግረዋል?»

«ለማን? ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰው እኔን ሲያገኝ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው።»

«ማክሰኞ ጠዋትስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ብርድ ልብስ ስንሰፋ። በመንገዴ እሳቱ ጋ ቆም አልኩ። አየሽኝ አይደል? በላሽልኝ?»

«በልቻለሁ። ግሩም ነበር።»

«ቸኮሌቱ በዛ።»

«አርዲስ፣ ለሊኔትም ደብዳቤው ደርሷታል።»

ጨርቅ እያጣጠፉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። «የት እንዳለች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ለእኔም አይነግሩኝም። ደረሰኙን ግን ፈርማለች።»

«ፊርማዋን አየሽው?»

«አላየሁም።»

«የስሟን የመጀመሪያ ፊደል፣ ኤሏን፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ አድርጋ ነበር የምትጽፈው» አሉ። «ኤሊ ናት ብላ ዓይን ትሠራላት ነበር፣ ከዚያ በፊት። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ተወችው።» ጨርቁን እንደገና ዘረጉት። «በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሄደች። እኔ በአውቶቡሴ ልጆች ልሰበስብ ስወጣ እሷ በሌላ አውቶቡስ ወጣች። የሰውን ልጅ ሁሉ በሰዓቱ ቤቱ አድርሻለሁ።»

«ትደውላለች?»

«አንዳንዴ። ስለሱ ዜና ሲኖር።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሐይቁ ላይ በረዶው ጥቁር እያለ መሰንጠቅ ጀምሯል። «እሷን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ሁሉንም ነው የምጠረጥረው።»

«ካገኘሻት ምን ለብሳ እንደነበር ንገሪኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ወደ ቤት ስነዳ ብሪታ አሥራ ስምንት ሊሆናት ስንት ወር እንደቀረ ቆጠርኩ። ሃያ። ከዚያ በኋላ የትም መሄድ ትችላለች፤ ማንም ለእኔ የመንገር ግዴታ የለበትም።

*

ዓርብ ፓንያ ቫንግ ደወለች።

«ሊኔት ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ነበረች። አለቃዋን አናግሬአለሁ። ከእናንተ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እሷ አይደለችም።»

እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ባዶ እጄን እንደቀረሁ ገባኝ። «ሌላ ያለችው ነገር አለ?»

«አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። 'ታዲያ አሁን ሌላ ደብዳቤ ይመጣል?' አለች።»

«ይመጣል እንዴ?»

«ግዴታ ነው። የሚገባበት ቤት ከሌለ የመውጫ ዕቅዱ ፈረሰ ማለት ነው። ቀኑ ተላልፏል፣ ሌላ ቤት እየተፈለገ ነው ብለን ከአንድ ጀምረን እናስታውቃለን። ዛሬ አወጣዋለሁ፤ ሰኞ ለሁለቱም ይደርሳል።»

ይህን ሰማሁና አለፍኩት። ሐሳቤ ሎዌል ላይ ነበር። እሑድ ደረሰ፣ ስብሰባው አራት ቀን ቀረው፤ እኔ ጋ ያለው አንድ ጨዋ አቃጣይ ብቻ ነው፤ ስም የለው፣ መልክ የለው።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ኦርቪን አንድ ትሪ አስጨበጠኝ። «የእሳቱ ቀን ጣቢያችን ቀርቶ ነው» አለ። «ለባለቤቷ አድርሺልኝ፤ ሚስቴ ባየችው ቁጥር ትቆጣኛለች።» ገለበጥኩት። እዚህ ሴት ሁሉ ትሪዋ እንዳይጠፋ ሥሩ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ስሟን ትጽፋለች። «አ. ኩንኬል» ይላል።

የሰው ትሪ ባዶውን አይመለስም። የምችልበት እንኳ ባይሆን ያንኑ ጣፋጭ ልሥራላቸው ብዬ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገባሁ። ሩዙን ለወስኩ፣ ትሪው ላይ ጠፈጠፍኩ፣ ቸኮሌቱን አቅልጬ አፈሰስኩበት። ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። ብሪታ ከሩጫ መመለሻዋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ስላለፈ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ገደል አሰብኩ፣ መኪና አሰብኩ፣ የሐይቁን በረዶ አሰብኩ። እሷ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና እየዘመረች ገባች።

«እማዬ፣ ደግሞ መስኮት ጋ?»

«ዕቃ እያጠብኩ ነው።»

«ማጠቢያው ወዲያ ነው» አለችና ቢላ አንስታ ትሪው ላይ አሳረፈች። ቸኮሌቱ ተጎትቶ ከቢላው ጋር መጣ፤ ሩዙ ተፈረካከሰ።

«ተይው! ገና አልረጋም። ሁለት ሰዓት ይፈልጋል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ብሪታ ቢላውን ልሳ ሄደች፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጭሱ የታየው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። እኔ ያንን ጣፋጭ ያነሳሁት ሦስት ሰዓት ከሩብ አልፎ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠርዙ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስል ነበር።

ለብርድ ልብስ ሰፊዎቹ ተሠርቶ ይሆናላ አልኩ። እንዲሆንም ጸለይኩ። የሰፊዎቹ ጸሐፊ ለሆነችው ለማርጎት ደወልኩ።

«ማክሰኞ የጣፋጭ ተራ የማን ነበር?»

«የእኔ ነዋ። የሎሚ ኬክ። ምነው፣ ሰው ታመመ እንዴ?»

«አርዲስስ ምን ይዘው መጡ?»

«አርዲስማ አርፍዳ፣ ባዶ እጇን። ከሷ የማይጠበቅ ነው፤ ግን ምንም አላልናትም።»

ተራዋ ሳይሆን ትሪ ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምትገባ ሴት ቶርንቢ ውስጥ የለችም። ያ ትሪ ከመጀመሪያውም ለእሳቱ ነበር የተሠራው።

*

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትሪውን ሞልቼ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ሞልተሽ አመጣሽልኝ» አሉ።

«ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እስኪረጋ።»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስገቢው ይፈጥናል» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ላዩ ይሰነጠቃል።» ከዚያ ሄደው ስልኩ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አርዲስ፣ ትሪው የተሠራው ከእሳቱ በፊት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ኦርቪንን ከሥራው፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ከትምህርት ቤቱ፣ ያን ሁሉ ሰው በማክሰኞ ጠዋት ጠርቼ ባዶ እጄን ልቁም?»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። «ፕሩት እንዳይመጣ ብለው ነው» አልኩ።

«ማን?»

«ፕሩት።»

«እሱ?» አሉ፤ ከልባቸው ግራ ገባቸው። «እሱ የትም ይኑር። ከዚህ ቤት የሚወሰደውን ወስዷል፤ ሁለተኛ የሚወስደው የለም።»

«ታዲያ ለምን?»

የስልኩን ሽቦ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። «ሊኔት ከሄደች በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ድምጿን አልሰማሁም። ሞታለች ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከፍርድ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ መውጣት ጠይቋል የሚል። በዚያው ቀን ይሄ ጮኸ። 'እማ፣ ደብዳቤ ደርሶሻል?' አለችኝ። ደርሶኛል አልኳት። 'በርሽን ቆልፊ' አለችና ዘጋችው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ደወለች። ዘንድሮ መጋቢት ላይ መጣ፤ ደወለች። ሳል ይዟት ነበር። ደብዳቤ ካልመጣ አትደውልም፣ ሮክሲ። በልደቴም፣ በገናም፣ አባቷ ሲሞትም። ስለሱ ካልሆነ እኔን የምትጠራበት ምክንያት የላትም። ከየት እንደሆነ ከጠየቅኋት ትዘጋዋለች፤ ስለዚህ አልጠይቅም። በሬን ቆልፌአለሁ እላታለሁ።»

«አንዴ ከወጣ ደግሞ…» አልኩ።

«አንዴ ከወጣ ደብዳቤው አበቃ። የመጨረሻው ነበር። ቤቱ ከሌለ ግን እንደገና ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ደውዬ ያችን የዋና ከተማ ልጅ ጠይቄያታለሁ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው አለችኝ።» ቀና አሉ። «ሳሏ ድኖላት እንደሆነ ልሰማ ፈልጌ ነው።»

የእጅ ስልኬ ነዘረኝ። ሎዌል ነው። «ስም አለሽ?» አለ።

«ምስክር ጋ ነኝ። መልሼ እደውላለሁ።»

አርዲስ ተነሥተው ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ፣ ግን አልለበሱትም። ደረታቸው ላይ አቅፈውት ቆሙ። «ዛሬ ነው» አሉ። «ዓርብ ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ ደብዳቤው ዛሬ ነው የሚደርሳት። አሁን ከወሰድሽኝ ስልኩ ለማን ይጮኻል?»

ያንን አየሁት። ባዶ ወጥ ቤት፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ይቆማል። ሩቅ ከተማ አንዲት የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት እናቴ ሞታለች ብላ ታስቀምጠዋለች። ከእንግዲህ የምትደውልበት ቁጥር የለም። የከፋ ማሰብ ልማዴ ነው፤ ከዚህ የከፋ ግን አስቤ አላውቅም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ካፖርቱን ያስቀምጡት» አልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ፖስተኛው መጣ፤ አርዲስ ፈርመው ተቀበሉ። ፖስታውን አልከፈቱትም። ሾርባ አሞቁልኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮኽ ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ማርጎት ናት፤ ስለ ክር ቀለም። «ማርጎት፣ ስልኩን ልቀቂው» አሉና ዘጉባት። በሕይወታቸው እንደዚያ ለሰው የተናገሩ አይመስለኝም። ሎዌል ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። አንድ ጊዜ ብቻ «ሰው ቢኖርበት አላደርገውም ነበር» አሉ፤ «አውቃለሁ» አልኳቸው።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ጮኸ።

እንዲጮኽ ሁለት ጊዜ ተዉት፤ እንደፈሩት ሁሉ። ከዚያ አነሡ።

«ሄሎ… ደርሶኛል… ቆልፌአለሁ።» ረጅም ጊዜ አዳመጡ። «አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ምን እንደተጠየቁ ገባኝ። ያንን ቤት ማን እንደሚያቃጥል ከእኔ ቀድማ ያወቀች እሷ ናት።

«አይ፣ ለሱ ብዬ አይደለም» አሉ። «እንድትደውዪ ነው።» ቆይተው «ፖሊሷ? አለች፤ እዚህ ተቀምጣለች» አሉና እጀታውን ወደ እኔ ዘረጉት።

የሰማሁት ድምፅ ወፍራም ነው፣ የደከመ ነው። «ፖሊስ ነሽ?»

«መርማሪ ሮክሳን ኤልቬስታድ።»

«ትታሰራለች?»

«ዛሬ እወስዳቸዋለሁ። ከዚያ ዳኛው ያውቃል።»

«ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል።»

«ለዳኛው እነግራለሁ።»

ሳለች። አርዲስ ሳሉን ከእጀታው ውስጥ ሰምተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሊኔት። «እሱ ሊወጣ ሲል ለኔ ቀድመው ይነግሩኛል። የትም ብገባ ወረቀቱ ተከትሎኝ ይመጣል፣ ፈርሚ እባላለሁ። እናቴ ስትወጣስ ማን ይነግረኛል? ለሱም በጽሑፍ መጠየቅ አለብኝ?»

«እንደሱ ያለ ሕግ የለም» አልኩ። «እኔ ግን እጽፍልሻለሁ። አድራሻ ካለኝ።»

ከወዲያ መኪና ሲያልፍ፣ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ትዘጋዋለች ብዬ እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እስክሪቢቶ አለሽ?»

ያልተከፈተውን ፖስታ ገለበጥኩት። ቢሮአችን አድራሻ በስልክ ስንቀበል እንዳንሳሳት ጮክ ብለን እየደገምን ነው የምንጽፈው። የቤቱን ቁጥር ነገረችኝ፤ ደገምኩት። መንገዱን ነገረችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ከተማዋንና የፖስታ ቁጥሩን፤ ከተማዋን ደገምኩ። ሊኔት አላቋረጠችኝም። አርዲስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ከእኔ ቃል እኩል ይንቀሳቀሳል።

ጨርሼ እስክሪቢቶዬን አስቀመጥኩ።

«የፖስታ ቁጥሩን ዘለልሽው» አለችኝ። «ጮክ ብለሽ ድገሚው።»